«ጥያቄ አለ?»

መምህሩ ሰሌዳውን በቀመር ሞልተው «ጥያቄ አለ?» ሲሉ አንገታችንን ደፍተን ደብተራችንን እናያለን። ገብቶን ነው እንዳይባል፣ ደጅ እንደ ወጣን «ነገሩ እንዴት ነው?» መባባል እንጀምራለን። መምህራንን እናማለን እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከእነሱ ቁጣ ይልቅ የምንፈራው የእርስ በርሳችንን ሳቅ ነው።

ይህ ሳቅ በእኛ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1963 በታንጋኒካ ኤራስቶ ምፔምባ የተባለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አይስክሬም ለመሥራት የፈላ ወተት ሳያበርድ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያስገባ፣ ጓደኛው ሳያፈላ ካስገባው ቀድሞ በረዶ ሆነ። መምህሩን ቢጠይቅ ተሳስተሃል ተባለ። በሌላ ትምህርት ቤትም ቢጠይቅ፣ ይህ የምፔምባ ፊዚክስ ነው ተብሎ ተቀለደበት። ዴኒስ ኦዝቦርን የተባሉ የዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የፊዚክስ መምህር ለንግግር በመጡ ጊዜ ግን ተነሥቶ ያንኑ ጠየቀ። ጓደኞቹ ሳቁ። እሳቸው ግን አስሞከሩት፤ በ1969ም ከምፔምባ ጋር ጽፈው አሳተሙት።

ጥያቄው ለምን ከበደ? የ100 ዲግሪው ውሃ ሲበርድ በ35 ዲግሪ ማለፉ አይቀርም፤ እዚያ ሲደርስ ከመጀመሪያው 35 ከነበረው ውሃ በምን ይለያል? የሙቀቱ መጠን ብቻውን ስለ ውሃው ሁሉን የሚነግረን ከሆነ፣ በምንም። ልጁ የነካው ይህችን «ከሆነ» ነው። ትኩሱ ውሃ በትነት ይቀንሳል፤ ዕቃው ውስጥ የሚዘዋወርበት ሁኔታ ይለያል፤ ከሥሩ ያለውንም ውርጭ ያቀልጣል። በ2016 እንግሊዝ አገር በጥንቃቄ የለኩ ተመራማሪዎች ነገሩን አላገኘነውም አሉ፤ በ2020 ደግሞ ካናዳ ውስጥ በአንዲት ደቃቅ ቅንጣት ላይ ተመሳሳዩ ታየ። ክርክሩ አላለቀም።

ከታሪኩ ሁሉ የሚያስቀን የኦዝቦርን ቴክኒሻን ነው። ትኩሱ መቅደሙን ነግሯቸው ሲያበቃ፣ ትክክለኛው ውጤት እስኪገኝ ድረስ ሙከራውን እንደሚደግመው ቃል ገባላቸው! ሳቃችን ግን ብዙ አይቆይም። መጽሐፋችን ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናትና እዚህ ቴርሞሜትሩ 92 ወይም 93 ላይ ይቆማል። በየቤተ ሙከራው ደብተር ላይ ግን፣ በቀይ ቀለም «ትክክል» ተብሎ ተምልክቶበት፣ ስንት 100 ተጽፎ ይገኝ ይሆን?