ወንዙ ሲጠራ

እኔና ወንድሜ ፎቶ ስንነሳ አፋችንን ገጥመን ነው ፈገግ የምንለው። ያደግነው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ መተሐራ አካባቢ ነው። ጥርሳችን ላይ ያለው ቡናማ ነገር የሲጋራ አይደለም፤ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ነው። ቋሚ ጥርስ ድድ ውስጥ ገና ሲሠራ ይገባና እዚያው ይቀራል። በብሩሽ አይለቅም (በአመድም በሎሚም ሞክረናል)።

ለዚህ ነው ድርቅ ሲመጣ አዋሽን በጥርጣሬ የማየው።

ክረምት ላይ አዋሽ ሻይ በወተት ይመስላል። እናቴ ጭቃው እስኪዘቅጥ ጀሪካኑን ታሳድረዋለች። በበጋ፣ በተለይ የበልጉ ዝናብ ሲቀር፣ ውሃው ይቀንስና ጠጠሩ እስኪታይ ይጠራል። «ተመስገን፣ ጠራ» ትላለች። ሳይደፈርስ አይጠራም የሚለውን ተረት እኔም እወደዋለሁ። ለወንዝ ግን መጥራትና መንጻት ለየቅል ናቸው።

ዝናብ ሳይኖር ወንዙ ለምን አይደርቅም? ከቆቃ ግድብ ከሚለቀቀው ሌላ፣ የከርሰ ምድር ውሃ በዳርና በወለሉ እየሰረገ ስለሚገባ ነው። ክረምትም ይገባል፣ ግን ጎርፉ ውስጥ ይጠፋል። ጎርፉ ሲቀር ድርሻው ያድጋል፤ ወንዙ ቀስ በቀስ ወደ ጉድጓድ ውሃ ይጠጋል ማለት ነው።

የዝናብ ውሃ ድንጋዩ ላይ ሮጦ ያልፋል። የከርሰ ምድሩ ግን እሳተ ገሞራ በተፋው ድንጋይ መሀል ዓመታት ከርሞ፣ ሶዲየም፣ ባይካርቦኔትና ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። ካልሲየም ቢበዛበት ፍሎራይዱን አስሮ ያዘቅጠው ነበር፤ የኛ አካባቢ ውሃ ግን ካልሲየም ያጥረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ወደ ድሬዳዋ ስትሄዱ ከመንገዱ ዳር የምታዩት በሰቃ ሐይቅ ከ3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ተነስቶ 40ን ያለፈው በዋናነት ከሥር በሚገባ ውሃ ነው። ጨዋማ ውሃው በቦይ ወደ አዋሽ ይለቀቃል፤ ወንዙ ሲቀንስ ደግሞ የሚያቀጥነው ያጣል።

ባክቴሪያዎቹም ይለወጣሉ። ኦክስጅን ያነሰው ውሃ በአሸዋ ውስጥ ሽቅብ ሲወጣ፣ እዚያ ያሉት በኦክስጅን ፋንታ በናይትሬት «ይተነፍሳሉ»፤ ከማሳ የመጣውን ማዳበሪያ በከፊል ጋዝ አድርገው ይሸኙታል። ነጻ አገልግሎት! ብረት የያዘ ውሃ ዳር ላይ አየር ሲነካ ደግሞ ሌሎች ብርቱካንማ ዝልግልግ ነገር ይሠራሉ፤ ላዩ ናፍጣ የፈሰሰበት ይመስላል። በእንጨት ንኩት። እንደ መስታወት ከተሰባበረ የባክቴሪያ ነው፤ ተመልሶ ከገጠመ ናፍጣ ነው። ውሃው ስለጠራ ፀሐይ እስከ ወለሉ ትደርሳለች፣ አልጌውም ይስፋፋል።

እናቴ ውሃውን ታፈላዋለች። ማፍላት ባክቴሪያውን ይገድላል። ፍሎራይዱን ግን አይነካውም፤ እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲሄድ ይከማቻል። ይህን ስነግራት ድስቱን ትክ ብላ አየችውና «ታዲያ ልጄ፣ ምን እንጠጣ?» አለችኝ።

የእህቴ ልጅ አራት ዓመቷ ነው። ለሷ ብቻ ብለን ከቆርቆሮው ጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ የምናጠራቅምበት በርሜል ገዛን። ዘንድሮ በመጋቢት አለቀ።