ከጉልበቴ ልክ

ስኳሬ ከፍ ማለቱን ሐኪም ከነገረኝ ወዲህ ብስክሌት ለእኔ ቅንጦት መሆኗ ቀረ። ሆኖም ዋጋዋን በጠየቅሁ ቁጥር በየወሩ ለእናቴ የምልከው ገንዘብ ከፊቴ ይደቀናል። ስለዚህ ያገለገለች ለመግዛት ቆርጬ ምርጫውን ከልክ ጀመርሁ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት ጥቂት እንደታጠፈ መቅረት አለበት፤ መሪውን ለመያዝ ወገብ የሚሳብ ከሆነ ግን ብስክሌቷ ረዝማለች። ለከተማ አስፋልት ስንጥቅ 28 ወይም 32 ሚሊ ሜትር ጎማ ከ23ቱ ይሻላል፤ ከሮክ ክሪክ ሸለቆ ወደ ፔትዎርዝ ለሚያወጣው ዳገትም ቀላል ማርሽ ያሻል።

ብስክሌት ለኢትዮጵያዊ ባዕድ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1956 አገራችን መጀመሪያ በተካፈለችበት የሜልቦርን ኦሊምፒክ እነ ገረመው ደምቦባ በጎዳና ውድድር በቡድን 9ኛ ወጥተዋል፤ በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

የእኔ ተፎካካሪ የደሜ ስኳር ነው። እርሱን የሚረታው መደጋገም ስለሆነ፣ ከፈጣኗ ይልቅ ነገም እንድወጣባት የምትጋብዘኝን መረጥሁ። የእናቴም ድርሻ ሳይነካ ቀረ።