ጨጓራዬን ላስቀንስ ወይስ ልተው?

አንባቢ ሆይ፤ በአገራችን ሰው ሲወፍር «ተመችቶታል» ይባላል። እኔን ግን መመቸቱ 128 ኪሎ አድርሶኛል፤ የስኳር በሽታና የጉልበት ሕመምም አስከትሎብኛል። ምግብ ቀንሼ በእግሬ እየሄድሁ ያወረድሁት ክብደት ደጋግሞ ተመልሷል። ስለዚህ ሐኪሜ ጨጓራን የማሳነስ ኦፕራሲዮን እንዳስብበት መከረኝ። ነገሩ የነፍስ ጉዳይ ነውና ጥቅሙንና ጉዳቱን በሚዛን አድርጌዋለሁ፤ እርስዎም ይመልከቱት።

ዛሬ በብዛት የሚሠራው ኦፕራሲዮን ከጨጓራ ከመቶ 80 ያህሉን ቆርጦ ያወጣል፤ የቀረው እንደ ቀጭን ቱቦ ይሆናል። ሰውየው በጥቂቱ ይጠግባል፤ የረኃብ ስሜቱም ይቀንሳል።

በመጀመሪያ ጥቅሙን እንይ። በስዊድን አገር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1987 በተጀመረ ጥናት፣ በልዩ ልዩ ዓይነት ኦፕራሲዮን የተደረጉ 2,010 ወፍራም ሰዎች ካልተደረጉ 2,037 ሰዎች ጋራ ተነጻጽረዋል። ውጤቱ በ2007 ሲታተም፣ በአማካይ 11 ዓመት ያህል ከተከታተሏቸው በኋላ፣ ከፊተኞቹ 101 ከኋለኞቹ 129 ሞተው ነበር። ኦፕራሲዮን ከተደረጉት የስኳር በሽተኞች ከመቶ 72ቱ በሁለተኛው ዓመት በሽታው ለቅቋቸው ተገኙ። በአሥረኛው ዓመት ግን እንዲህ የሆኑት 36ቱ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ለሁሉም አይዘልቅም።

ጉዳቱስ? ስፌቱ ሊያፈስ፣ ደም ሊረጋ፣ የሐሞት ጠጠር ሊመጣ ይችላል፤ ከስንት አንድ ጊዜም ሞት አለ። ቫይታሚን፣ ብረትና ካልሲየም ዕድሜ ልክ መውሰድ፣ ደምንም በየጊዜው ማስመርመር ግዴታ ነው። ተቆርጦ የወጣ ጨጓራ አይመለስም፤ የቀነሰ ኪሎ ግን ሊመለስ ይችላል። በመርፌ የሚሰጥ አዲስ መድኃኒትም አለ፤ ሆኖም ሲያቆሙት ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ትንሽ ጨጓራ በእንጀራ ብቻ ከሞላ ሰውነትን ለሚጠግነው ምግብ ቦታ አይተርፍም። ቫይታሚን ቢ 12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከዕንቁላል ስለሆነ፣ የሚጾም ሰው መድኃኒቱን ማጓደል የለበትም፤ ምስሩንና ሽምብራውንም ማስቀደም ይገባዋል። ከሁሉም የሚከብደው ግን ጉርሻው ነው። «በሞቴ!» ብላ እጅዋን የዘረጋች እናት እንዴት እምቢ ትባላለች?

እኔ ኦፕራሲዮኑን ለመደረግ ቆርጫለሁ፤ ስኳሩ ዓይኔንና ኩላሊቴን እስኪነካ መጠበቁ ይበልጥ አስፈርቶኛልና። እርስዎም በዚህ ሐሳብ ላይ ካሉ፣ ስለ ኦፕራሲዮኑ ቀን ብቻ ሳይሆን ከአሥር ዓመት በኋላ ማን እንደሚከታተልዎ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ቤተ ሰብዎንም ሰብስበው አስቀድመው ያስረዱ። ቢላዋው የሐኪሙ ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ገበታ ግን የእርስዎና የቤተ ሰብዎ ነው።