ሽቦው

እማዬ ስትደውል መጀመሪያ የምታወራው ስለ ሙቀቱ ነው፣ ከዚያ ስለ ጎረቤት። ዛፉን ያነሳችው ልትዘጋ ስትል ነበር።

«አቦ፣ ያ ዛፍህ ዘንድሮ አላበበም።»

አዲስ አበባ ነበርኩ፣ ማታ የሚለቀቅ ኮድ ላይ አፍጥጬ።

«ቅጠል አለው?»

«ቅጠሉማ አረንጓዴ ነው።»

«እንግዲያው ደህና ነው» ብዬ ዘጋሁት። ደህና አልነበረም።

ቤታችን ከዚራ ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1902) እዚህ ሲደርስ፣ ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች ሀዲዱ ወደዚያ አልወጣም። ድሬ በጣቢያው ዙሪያ በቀለች። ከደቻቱ ማዶ መጋላ አለ፤ ወዲህ ደግሞ ከዚራ፣ ቀጥ ያሉ መንገዶቹና የዛፍ ጥላው። በሙቀቱ ወራት ቀይ አበባ የሚለብሰውን ዛፍ አገሩ ሁሉ «የድሬዳዋ ዛፍ» ይለዋል። የትውልድ አገሩ ግን ማዳጋስካር ነው። እንደ ብዙዎቻችን ቤተሰብ፣ ከሌላ ቦታ መጥቶ ድሬ የሆነ ነው።

የእኛ ግቢ ውስጥ ያለው አንዱ ነው። አባቴ ባረፈ ዓመት፣ አስራ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ለእማዬ የልብስ ማስጫ ላበጅላት ብዬ ግንዱ ላይ ሽቦ ሁለት ዙር ጠምጥሜ በፒንሳ አጠበቅኩት። እንዳይላላ። በጣም ኮርቼበት ነበር። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ኤሌክትሪካል ተማርኩ፣ ሶፍትዌር ሰሪ ሆንኩ፣ ሽቦውን ረሳሁት።

ለበዓል ስሄድ አየሁት። ሽቦው ግንዱ ውስጥ ሰምጧል። ከሽቦው በላይ ያለው ግንድ እንደ ከንፈር አብጧል፣ ከታች ያለው ቀጭኗል። ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፣ ግን ሳስቷል፤ አንዱ ቅርንጫፍ ደግሞ ደርቋል።

ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሽቦው ካነቀው ውሃው እንዴት እስከ ላይ ወጣ?

ዲናሞ ያለው ቤት ያደገ ሰው ይህን ጥያቄ ቀላል አያደርገውም። በመምጠጥ የሚሠራ ዲናሞ፣ የፈለገ ጉልበት ቢኖረው፣ በባሕር ወለል ላይ ውሃን ከ10 ሜትር ትንሽ በላይ ብቻ ነው የሚያነሳው። ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የአየሩ ክብደት ስለሆነ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬ ደግሞ ወደ 9 ሜትር ይወርዳል። ዓለም ላይ ግን ከ100 ሜትር በላይ የቆሙ ዛፎች አሉ። ሞተር የላቸውም፣ መብራት አይቆጥሩም።

በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ቦን ከተማ የነበረው የዕፅዋት ሊቅ ስትራስበርገር ረጃጅም ዛፎችን ቆርጦ ጫፋቸውን መርዛማ ፈሳሽ ውስጥ አቆመ። መርዙ በመንገዱ ያገኘውን ሕያው ሴል ሁሉ እየገደለ ወጣ፤ ዛፉ ግን መሳቡን አላቆመም። ውሃ የሚወጣባቸው ዛይለም የሚባሉት ቱቦዎች ቀድሞውንም የሞቱ ሴሎች ናቸው፤ ባዶ ግድግዳ። በ1894 ደግሞ ደብሊን ውስጥ ዲክሰንና ጆሊ ጉልበቱ ከየት እንደሚመጣ አስረዱ። ፀሐይ ከቅጠል ላይ ውሃ ስታተን፣ የሄደችው ጠብታ የኋለኛዋን ትጎትታለች፣ ያቺም የኋለኛዋን፣ እስከ ስር ድረስ። የውሃ ሞለኪውሎች እርስ በርሳቸው አጥብቀው ስለሚያያዙ በጠባብ ቱቦ ውስጥ እንደ ገመድ ይሳባሉ። ስር ከሚስበው ውሃ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው በቅጠል ተንኖ ይሄዳል።

ገመዱ ሊበጠስም ይችላል። ድርቅ ሲበረታ ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ይገባና ያ መስመር ይቋረጣል። ዲናሞ «አየር ያዘው» እንደምንለው መሆኑ ነው። ዛፉ ግን በሺዎች የሚቆጠር ሌላ መስመር አለው፤ ቀትር ላይም የቅጠሉን ቀዳዳዎች ዘጋ አድርጎ ይቆጥባል።

እንግዲህ የእኔ ሽቦ ውሃውን አልነካም። ውሃ የሚወጣው በውስጠኛው እንጨት በኩል ነው። ሽቦው የጨፈለቀው ከቅርፊቱ ሥር ያለውን ስስ ሽፋን፣ ፍሎየምን ነው። ቅጠሉ ያበሰለው ስኳር ወደ ስር የሚወርደው በዚያ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማልፒጊ የሚባል ጣሊያናዊ የዛፍ ቅርፊት ዙሪያውን ልጦ፣ ከቁስሉ በላይ ያለው ሲያብጥ አይቷል። መውረጃ ያጣው ምግብ እዚያው ይከማቻል። የእኛ ዛፍ ከንፈርም ያ ነው።

ስለዚህ ላዩ እየጠጣ፣ አረንጓዴ ሆኖ፣ ታቹ እየተራበ ነበር። ስር ያከማቸውን እየበላ ይቆያል። ሲያልቅበት ይደክማል፣ ውሃ መሳቡም ይቀንሳል፣ ቅጠል ላይ የሚታየው ያኔ ነው። ሥራ ቦታ ሰርቨር ሲወድቅ የሚያስደነግጠኝ እንዲህ ያለው ነው፤ የምታየው ምልክት ሁሉ አረንጓዴ፣ የተበላሸው ግን ያላየኸው ቦታ።

ጠዋት እማዬን ጀሪካን ተሸክማ በጓሮ ስትገባ አየኋት።

«ዲናሞውስ?»

«ኧረ እሱ ከሞተ ቆየ። ከአምናው ፋሲካ በፊት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅከኝማ፣ ልጄ።»

እውነቷን ነው። በየወሩ ብር እልክና «ገባልሽ?» እላለሁ። «ገባ» ትላለች። እንግዲያው ደህና ነው፣ እዘጋለሁ።

ሽቦውን የጎረቤታችን ሽማግሌ ናቸው ያሳዩኝ። «ጎትተህ ካወጣኸው ቅርፊቱን ትገሸልጠዋለህ። ቆራርጠህ ተወው፣ እንጨቱ ይዋጠው።» ጉልበቴ ላይ ተቀምጬ በፒንሳ አምስት ቦታ ቆረጥኩት። ደግነቱ ዙሪያውን እኩል አልነከሰም፤ በግድግዳው በኩል አንድ መዳፍ የሚያህል ቅርፊት ጤነኛ ነበር። እስካሁን የኖረው በዚያች ነው። ከሰዓት ዲናሞውን ፈታሁት። ሞተሩ ተቃጥሏል፤ ባጃጅ ይዤ ሄጄ ሌላ ገዛሁ።

ዛፉ ይትረፍ አይትረፍ ገና አልለየለትም። አሁን ስደውል ስለ ቅጠሉ አልጠይቅም።

«ማታ ማታ ስሩ ጋ ታጠጪዋለሽ? ጉልበትሽስ? ደረጃው ላይ ያምሻል?»

«አንተ ልጅ፣ ስለ ዛፉ ነው ስለኔ የምትጠይቀው?»

«ስለ ሁለታችሁም።»

ትስቃለች። ከኋላዋ ዲናሞው ሲያጓራ ይሰማኛል። ከዚያ ረጅም ጊዜ ስለ ጉልበቷ ታወራለች፣ እኔም አልዘጋም።