ልጆቻችን ወጥ መሥራት ይልመዱ፤ ወንዶቹም ጭምር



በሥራዬ ላይ ደጋግሜ የምሰማት አንዲት ጥያቄ አለች። አንዲት እናት ታማ ትመጣለች። "ተኝተው መታከም አለብዎት" ስላት ስለ በሽታዋ ከመጠየቋ በፊት "ዶክተር፣ ልጆቹን ማን ያበላልኛል?" ትለኛለች። ዕድሜያቸውን ስጠይቅ አንዱ 13፣ አንዱ 15። ሕፃናት አይደሉም፤ ግን እንቁላል እንኳ ጠብሰው አያውቁም። በዚህ ጭንቀት ሳይሻላቸው ወደ ቤት የተመለሱ እናቶች አይቻለሁ።

እኔ ቤት የቅዳሜን ምሳ የሚሠራው የ12 ዓመት ልጄ ነው። እናቴ መጀመሪያ "ወንድ ልጅ ማጀት ውስጥ ምን ይሠራል?" ብላ ተቆጥታ ነበር። በቀደም የሠራውን ሽሮ ቀምሳ "ጨው አንሶታል" አለች፤ እንጀራ ግን ሁለቴ አስጨመረች።

ከየት እንጀምር ለምትሉኝ፦

ከ10 ዓመት ጀምሮ ምስር መልቀም፣ አትክልት ማጠብና ሽንኩርት መላጥ ይችላሉ። ከ12 ዓመት ገደማ እናንተ አጠገባቸው ቆማችሁ እንቁላል፣ ሩዝ፣ ፓስታና ሽሮ ይሞክሩ። ከ14 በኋላ ምስር ወጥና አልጫ ብቻቸውን ሊሠሩ ይችላሉ። ዕድሜው ግምት ነው፤ ልጃችሁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የመጀመሪያው ሽሮ ይጓጉላል። ማማሰያውን አትቀሙት፤ የጓጎለውን አብራችሁ ብሉ።

ከወጡ በፊት ግን እነዚህን አስተምሯቸው፦

– እጅን በሳሙና መታጠብ። ጥሬ ሥጋ የነካ ቢላዋና መክተፊያ ሳይታጠብ ሰላጣ አይከተፍበትም።

– የመጥበሻ እጀታ ወደ ውስጥ ይዙር። ሽሮ ሲንተከተክ ስለሚፈናጠር እሳቱን መቀነስ።

– ዘይት እሳት ከያዘ ውሃ ፈጽሞ አይደፋበትም። ምድጃውን አጥፍቶ በክዳን መክደን ነው።

– በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አይቀጣጠልም። ጭስ ባይታይም መርዛማው ጋዝ ይገድላል።

– አዮዲን ያለው ጨው የሚጨመረው ወጡ ሊወርድ ሲል ነው። ብዙ ሲፈላ አዮዲኑ ይቀንሳል።

– የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቀመጥ። የተረፈው ሲበላ እስኪፈላ ይሙቅ።

ቃጠሎ ከደረሰ ወዲያውኑ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ አቀዝቅዙት። ቧንቧው ከሌለ ንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ አፍስሱበት። በረዶ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ ወይም ሊጥ አታድርጉበት። ሰፊ ከሆነ፣ ውሃ ከቋጠረ፣ ወይም ፊትና እጅ ላይ ከሆነ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

አንድ አደራ አለኝ፦ ሥራውን ለሴት ልጃችሁ ብቻ አትጫኑባት። እሷም የምታጠናው ትምህርት አላት፣ ወንድሟም የሚራብ ሆድ አለው። ተራ ይግቡ።

እናንተ ቤት ልጆች ምን መሥራት ይችላሉ? መጀመሪያ ያስተማራችኋቸው ምግብስ ምን ነበር? ጻፉልኝ፤ ሌሎች ወላጆችም ይማሩበታል።

መልካም ሰንበት!