ያልተጠየቀ ውሃ

ሐሙስ። ሌሊት ከቦሌ ተነሥተን አራት ሰዓት ገደማ በርረን ቤን ጉሪዮን ደረስን። ከዚያ ኢየሩሳሌም 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ 70 ሼክል ከፍዬ በጋራ ታክሲ ተሳፈርኩ። መንገዱ ሽቅብ ነው፣ ግራና ቀኙ ጥድ ነው። ደጋ ነው ሲሉኝ ጋቢ ይዤ ነበር፤ ስወርድ ግን ፊቴን የመታኝ የምድጃ ወላፈን ነው። ሰማዩ ቢጫ፣ አቧራው ከንፈር ላይ የሚቀመጥ። ሐምሲን ነው አሉኝ፣ ከበረሃ የሚነሣ ደረቅ ነፋስ። የመጣሁት ለመሳለም አይደለም። ያሳደገችኝ አክስቴ ለፋሲካ ከተሳላሚዎች ጋር መጥታ በበዓሉ ማግስት ትኩሳት ጣላት፤ አሁን የጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝታለች።

ማታ ገብቼ አየኋት። በአፏ የመተንፈሻው ቱቦ፣ በአፍንጫዋ ሌላ ቀጭን ቱቦ፣ ከንፈሯ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል። ነርሷ እዚሁ አገር ያደገች የእኛው ልጅ ናት፣ አማርኛዋ የጎንደር ነው። በእንጨት ጫፍ ያለች ትንሽ ስፖንጅ ውሃ ውስጥ እየነከረች የአክስቴን አፍ ታረጥባለች። «እማማ፣ እኔ ነኝ» ትላታለች፣ መልስ እንደማታገኝ እያወቀች። የሳንባ ምች መሆኑን በስልክ ሰምቻለሁ፤ ሐኪሙ ያሳየኝ ግን በስክሪኑ ላይ በቀይ የተጻፈ ሌላ ቁጥር ነው፦ ሶዲየም 158። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ በሊትር ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል ነው አለኝ፣ ነርሷ እያስተረጎመችልኝ። አክስቴ ስትገባ 149 ነበር፤ የቀረው እዚሁ አልጋው ላይ ሳለች የጨመረ ነው። ሳይደብቅ ስለነገረኝ አከበርኩት።

ዓርብ። በነቢያት መንገድ በእግሬ ወረድኩ። ይህ መንገድ የሐኪም ቤቶች መንገድ ነበር፤ በ1888 የተከፈተው የሮትሽልድ ሆስፒታልም፣ የእንግሊዝ ሚሲዮን ሆስፒታልም ሕንፃቸው ዛሬ ትምህርት ቤት ሆኖ ቆሟል። ከዚህ መንገድ ወደ ኢትዮጵያ መንገድ ታጠፍኩ፤ ጠባብ ነው፣ ሁለቱም ወገን የድንጋይ አጥር። ከቤተ ክርስቲያኑ በር በላይ አንበሳ ተቀርጿል፣ ከውስጥ በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን ተጀምራ በአፄ ምኒልክ ዘመን ያለቀችው ክቧ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት። ተሳለምኩ፣ የአክስቴን ስም ጠርቼ ጸለይኩ፣ ከዚያ በደማስቆ በር ወደ ድሮው ከተማ ገባሁ። ውስጡ ቅመም፣ ቡና፣ የሰሊጥ ዳቦ ይሸታል። ፈላፍል በ25 ሼክል በላሁ፣ ውሃ በ8 ሼክል ገዛሁና እዚያው ቆሜ ጨረስኩት።

ዴር ሡልጣን የእኛ መነኮሳት የሚኖሩበት፣ ጣሪያ ላይ ያለ መንደር ነው። ከሥሩ የቅድስት እሌኒ ጸሎት ቤት አለ፣ ጉልላቱ ከግቢው መሐል ብቅ ብሏል፤ ዙሪያውን የመነኮሳቱ ጎጆዎች፣ በሮቻቸው ዝቅ ያሉ፣ አረንጓዴ የተቀቡ። አንድ አባት አክስቴን አስታወሷት። አክፍላ ነበር፣ ከዓርብ ጀምሮ እህልም ውሃም አልቀመሰችም፣ ቅዳሜ ማታ ጧፍ ይዛ ጉልላቱን ከሕዝቡ ጋር ዞራለች። «ለታመመ አይታዘዝም፣ አሮጊቶቹ ግን መች ይሰሙናል ልጄ» አሉኝ። አልፈረድኩባትም። ከቆምንበት ጥቂት እርምጃ ዝቅ ብሎ ጎልጎታ ነው፣ ጌታ በመስቀል ላይ ጥማቱን የተናገረበት።

ቅዳሜ። ሰንበት ስለሆነ ባቡሩ ቆሟል። ከደማስቆ በር ወደ ሆስፒታሉ ታክሲ ያዝኩ፣ 80 ሼክል። ሶዲየሙ 151። ሐኪሙ ጊዜ ነበረው፣ ወንበር ስቦ አስረዳኝ። የማይደርቅ የሰው ገላ የለም፤ ትኩሳት ሲኖር በላብና በትንፋሽ የሚወጣው ውሃው ነው፣ ጨው እምብዛም አይወጣም። ጤነኛ ሰው ይጠማዋል፣ ተነሥቶ ይጠጣል፣ አለቀ። በመድኃኒት የተኛ ሰው ግን ቢጠማውም መናገሪያ የለውም። በዚያ ላይ የወረደ የደም ግፊት ለማንሣት ብለው የሚሰጡት ጨዋማ ፈሳሽ በሊትር 9 ግራም ጨው አለው፣ አንቲባዮቲኩም የሚበጠበጠው በዚሁ ነው፣ በየቀኑ ጠብ ጠብ እያለ ይከማቻል። የእሷን ክብደት ይዞ ሒሳቡን በወረቀት ሠራልኝ፤ የጎደላት ንጹሕ ውሃ ከሦስት ሊትር ይበልጣል።

ታዲያ ለምን ባንዴ አትሰጧትም አልኩት። ደም ጨው ሲበዛበት ውሃ ከአንጎል ሕዋሳት ይወጣል፤ አንጎል ግን በቀናት ውስጥ ራሱ የሚሟሟ ነገር እያጠራቀመ ውሃውን መልሶ ይይዛል። ከዚያ ወዲያ ውሃ በጥድፊያ ከገባ አንጎሉ ያብጣል፣ ራስ ቅል ደግሞ ቦታ አይሰጥም። ስለዚህ በቀን ከ10 ብዙም ሳያሳልፉ ያወርዱታል። አንጎል ያን ነገር እንዴት እንደሚያጠራቅም ሁለት ጊዜ ጠይቄ ሁለቴም አልገባኝም።

የገባኝ የነርሷ እጅ ነው። በየ4 ሰዓቱ 300 ሚሊ ሊትር ውሃ ትለካለች፣ ቱቦው ሆድ ውስጥ መሆኑን ታረጋግጣለች፣ በትልቅ ሲሪንጅ ቀስ እያለች ታወርደዋለች፣ ከዚያ ሰዓቱንና መጠኑን ትጽፋለች። የሽንቱን ከረጢት ጎንበስ ብላ ታነባለች፣ እሱንም ትጽፋለች። በአክስቴ ክንድ በገባው ቱቦ በኩል ደግሞ ጨው የሌለበት ግሉኮስ ይንጠባጠባል። አፉ ለተዘጋ ሰው የሚጠማለት ሌላ ሰው ያስፈልጋል ብዬ ያሰብኩት እዚያ ቆሜ ነው፣ እስከዛሬ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ማለት ማሽን ይመስለኝ ነበር።

እሑድ። ነፋሱ ዞረ፣ ቀዘቀዘ። ቅዳሴ በደብረ ገነት፣ ከዚያ አቅራቢያው ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ሽሮ በእንጀራ። ባቡርና አውቶቡስ በአንድ ትኬት፣ 8 ሼክል። ሶዲየም 146። የሚያስተኛውን መድኃኒት ቀንሰውላታል፤ ጣቴን ስሰጣት ጨበጠችኝ። ብዙ ጻፍ ቢሉኝ አልችልም።

ሰኞ። 143። ቱቦው ከአፏ ወጥቷል። ድምፅዋ ሻካራ ነው፣ የጠየቀችኝ መጀመሪያ ስለ ቤት ነው፣ ማን በሩን እንደሚዘጋ። መዋጥ መቻሏን ባለሙያ ፈትኖ ወፈር ያለ ውሃ በማንኪያ ፈቀደላት። ነርሷ ጎንበስ ብላ «እማማ፣ ጠማዎት?» አለቻት። «ኧረ ደህና ነኝ ልጄ» አለች አክስቴ፣ ራሷን እየነቀነቀች።

ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። ዕድሜ ሲገፋ ጥማት ይደነዝዛል፣ አረጋውያን ውሃ ቢጎድላቸውም ብዙም አይጠማቸውም፤ አዲስ አበባ ስትገቡም ውሃ እስክትጠይቅ እንዳትጠብቃት አለችኝ። ከትሪው ፕላስተር ቀደደች፣ ብርጭቆው ላይ ለጠፈችና በእስክሪብቶ 2፣ 4፣ 6፣ 8 ብላ ጻፈችበት። ማንኪያውን ሰጠችኝ። የ8 ሰዓቱ ደርሶ ነበር።