ከታጁራ ባሕር ወደ ደንገጎ አቀበት



የደጋ ልጅ ባሕርን የሚያውቀው ከጂኦግራፊ መጽሐፍ ነው። እኔም ሐረር ውስጥ ሳስተምር ቀይ ባሕርንና የኤደንን ባሕረ ሰላጤ በዘንግ እየጠቆምኩ ለተማሪዎቼ አሳይ ነበር እንጂ ጨዋማውን ውሃ ቀምሼው አላውቅም ነበር። በኋላ ግን ጅቡቲ የሚኖረው አጎቴ ጋብዞኝ፣ የአየር ጋን በጀርባ አዝሎ የመጥለቅን የመጀመሪያ ኮርስ እዚያ ወሰድኩ። በዓመቱ ደግሞ ቀን እየተጠለቀ ሌሊቱንም በዚያው በሚታደርበት ጀልባ ለአምስት ቀን ተሳፈርኩ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለዚህ ሁለተኛው ጉዞ ነው። ይህን የመሰለ ጉዞ የሚያስብ ወጣት ካለ ከእኔ ስሕተት ይማርበታል ብዬ አምናለሁ።

የባሕሩ ጠባይ

የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ተገንጥሎ ወደ ምዕራብ የሚገባ ውሃ ነው። ከከተማው ፊት ለፊት ሙሻና መስካሊ የሚባሉ ዝቅተኛ ደሴቶች አሉ። በዙሪያቸው ያለው ኮራል ለጀማሪ የሚስማማ ነው። በምዕራብ ጫፍ ግን ባሕሩ በጠባብ በር አልፎ ጉቤት አል ኸራብ ወደሚባለው ገንዳ ይገባል። በዚያ በር ውሃው በሞላና በጎደለ ቁጥር እንደ ክረምት ወንዝ ስለሚጋልብ ሰዓቱን የማያውቅ ሰው አይገባበትም።

በሰሜን፣ ባብ አል መንደብ አጠገብ፣ ሰባቱ ወንድማማች የሚባሉ ደሴቶች አሉ። እኔ ልቤ የተሰቀለው እዚያ ነበር። አስጎብኚያችን አማርኛ አቀላጥፎ የሚናገር የጅቡቲ ሰው ነው። በመጀመሪያው ማታ፣

«ኡስታዝ፣ እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ ጠልቀሃል?» አለኝ።

«ስምንት ጊዜ» አልኩት።

«እንግዲያው ሰባቱ ወንድማማች ይቆዩህ፤ የትም አይሄዱም» አለኝ።

እውነቱን ነበር። በዚያ ያለው የውሃ ውስጥ ወራጅ ኃይለኛ ነው፤ ልምድ ያለውን ሰው እንኳ ከጀልባው አርቆ ይወስዳል። በተጨማሪም እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በዚያ የባሕር መስመር በመርከቦች ላይ ጥቃት ስለተፈጸመ፣ ወደ ሰሜን የሚያስብ ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የጸጥታውን ሁኔታ ማጣራት ይገባዋል።

ለመሄድ የሚመቸው ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ውሃው ያን ጊዜ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሆናል። በእኛ ክረምት ወራት ግን ጅቡቲን የሚለበልብ ነፋስ ስለሚያምሳት ባሕሩም ይናወጣል። ውሃው ሁልጊዜ እንደ መስተዋት የጠራ ነው ብላችሁ አትጠብቁ። ፕላንክተን የተባሉ ደቃቅ ሕይወታውያን ስለሚበዙበት አረንጓዴ ይመስላል። ይህን ድፍርስነት መጀመሪያ ጠልቼው ነበር። ለካ ትልቁን እንግዳ የሚጠራው ማዕድ እርሱ ኖሯል!

ከመሳፈር በፊት

ብቁ ጠላቂ መሆኑን የሚያሳይ ምስክር ወረቀት የሌለው ሰው ለዚህ ጉዞ አይነሣ። የመጀመሪያው ኮርስ የሚፈቅደው እስከ 18 ሜትር ጥልቀት ብቻ ነው። 10 ሜትር ሲደርሱ ግፊቱ ከላይኛው እጥፍ ስለሚሆን ሳንባና ጆሮ ጤነኛ ሊሆኑ ይገባል። ጉንፋን የያዘው ሰው ይቅርበት። በውሃ ውስጥ ትንፋሽን ይዞ ወደ ላይ መውጣት ሳንባን ሊቀድ ስለሚችል ፈጽሞ አይደረግም። አወጣጡም በዝግታ፣ 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ቆሞ ነው።

ከዕቃ ሁሉ የውሃ መነጽሩ በልክ መሆኑን አስቀድሞ መሞከር ይበጃል። ውሃው ሞቃት ነው ተብሎ ስስ የመጥለቂያ ልብስ አይናቅ፤ በቀን ሦስት ጊዜ የሚጠልቅ ሰውነት ቀስ በቀስ ይበርደዋል። ፊሽካና ውሃ ላይ የሚቆም ደማቅ ምልክትም አይረሳ። ወራጅ ከጀልባው ቢያርቃችሁ የምትታዩት በዚያ ነው። የባሕር ሕመም የሚያስቸግረው ሰው ክኒኑን መዋጥ ያለበት ማጥወልወል ከመጀመሩ በፊት ነው። ጫትን በተመለከተ፣ እንቅልፍ የሚነሣና ልብን የሚያስሮጥ ነገር ከመጥለቅ ጋር አይሄድም።

ሰላትንም ከጉዞው በፊት ማሰብ ያስፈልጋል። መልሕቅ የጣለ ጀልባ በነፋስ ስለሚዞር ቂብላ ማታ የነበረበት አቅጣጫ ጠዋት አይገኝም። ኮምፓስ ይዛችሁ ሂዱ። መቆም የቻለ ቆሞ፣ መውደቅን የፈራ ተቀምጦ ይሰግዳል። አስጎብኚውን በመጀመሪያው ማታ ስለነገርኩት የመጥለቂያውን ሰዓት ከሰላት ጋር አስማማልን።

ያላሰብኩት አቀበት

አሁን ወደ ስሕተቴ ልምጣ። ሰኞ ተማሪዎቼ ፈተና ነበራቸው። ስለዚህ እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ለመጨረሻ ጊዜ ጠልቄ፣ ማታውኑ በመኪና በድሬዳዋ በኩል ሌሊቱን ተጉዤ ሐረር ለመግባት አቅጄ ነበር። ቅዳሜ ማታ ይህን ስናገር አስጎብኚው ሻዩን አስቀመጠና፣

«ሐረር ከባሕር ወለል ስንት ሜትር ትሆናለች?» አለኝ።

የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝና መልሱን አውቀዋለሁ፤ ከ1,800 ሜትር በላይ ነው። ግን ጥያቄውን ራሴን ጠይቄው አላውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠላቂ በጥልቀት ሲተነፍስ ናይትሮጅን የተባለው ጋዝ በደሙና በሥጋው ውስጥ ይሟሟል። ያ ጋዝ ቀስ ብሎ ካልወጣ፣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ በድንገት ሲከፈት እንደሚፈላው በሰውነት ውስጥ አረፋ ይሠራል። ያን ጊዜ መገጣጠሚያ ያማል፣ እጅ እግር ይደነዝዛል፣ ሲከፋም ሽባ ያደርጋል። ስለዚህ ለተከታታይ ቀናት የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ባለሙያዎች ይመክራሉ። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ደግሞ የሚሳሳው ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው አየር ነው። አዲስ አበባ ራስዋ ከዚያ ከፍታ ብዙም አትርቅም! ለባሕር ዳር ሰው ከጀልባ ሲወርድ ጉዞው ያልቃል። ለእኛ ለደገኞች ግን ወደ ቤት መመለስ ራሱ እንደ መብረር ነው። የደንገጎን አቀበት በመኪና መውጣት ከዚህ አያድንም።

ምርጫዬ ሁለት ሆነ፤ ወይ ፈተናውን መተው፣ ወይ የእሑዱን መጥለቅ መተው። ጓደኞቼ እሑድ ጠዋት ጋናቸውን ሲያዝሉ እኔ ጀልባው ላይ ቀረሁ። ከፍቶኝ እንደነበር አልሸሽግም።

ጥቂት ቆይቶ አንዱ መርከበኛ ጮኸ። ነጠብጣብ ጀርባ ያለው፣ ከዓሣ ሁሉ ትልቁ የሆነው ዌል ሻርክ ከውሃው ፊት ላይ አፉን ከፍቶ ያን ድፍርስ ውሃ እያጠለለ ይመገብ ነበር። እርሱን ለማየት ጋን አያስፈልግም፤ መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ ይበቃል። ከላይ መዋኘት ደግሞ ናይትሮጅን አያጠራቅምም። ሳልነካው ራቅ ብዬ ከጎኑ ዋኘሁ። ሙሉ ዕድሜው ላይ ያልደረሰ ቢሆንም ከእኔ ቁመት ሁለት እጥፍ ይበልጥ ነበር። ማሻአላህ ከማለት በቀር ቃል አልነበረኝም።

ማታ መኪናው ሲነሣ ከመጨረሻው መጥለቄ 24 ሰዓት አልፎ ነበር። ሰኞ ጠዋት የፈተናውን ወረቀት ያደልኩት እኔ ነኝ። እንግዲህ ወደ ባሕር የምትወርዱ የደጋ ልጆች ሆይ፣ የመውጫውን ቀን ሳትቆጥሩ የመግቢያውን አትቁጠሩ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።